ከጉልበቷ አንድ ጣት ወደ ፊት

ከዚህ በታች ያለው በሙሉ እውነት ነው፤ አንድ ፊደል አልጨመርኩም፣ አንድ ፊደል አልቀነስኩም። እናቴ ትሙት እንዳልላችሁ እናቴ ካረፈች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል፤ በእሷ ብምል ለእሷም አይከብዳትም፣ እናንተም አታምኑኝም። ስለዚህ በቀኝ እጄ እምላለሁ። ይህች እጅ ሃያ ሰባት ዓመት ጀሶ አቡክታለች፤ ሲያንስ ሲያንስ መቶ ሺህ እግር ሠርታለች። ከዋሸሁ ከትከሻዬ ጀምራ ትድረቅ።

ደግሞ ሳልጀምር ላስጠንቅቃችሁ፤ ተናድጃለሁ። ነገሩ ካለፈ አራት ወር ሆኖታል፣ እኔ ግን ዛሬም ባስታወስኩት ቁጥር ጆሮዬ ድረስ ይግለኛል። ብዕሬ ወረቀቱን ከቀደደው ጥፋቱ የእኔ አይደለም፤ የዚያ ሰው ነው። ያ ሰው ምን እንዳደረገ እደርስበታለሁ።

በከተማው ትልቁ ሆስፒታል ምድር ቤት ውስጥ ያለው ወርክሾፕ የእኔ ነው። የሆስፒታሉ ነው የሚሉ አሉ፤ ይበሉ። እግር ለሌለው እግር፣ እግሩ ለደከመበት ደግሞ ከፕላስቲክና ከብረት ድጋፍ እሠራለሁ። ከጥበቃው እስከ ዳይሬክተሩ "ጀሶ" ነው የሚሉኝ፤ ሱሪዬ ላይ ጀሶ የሌለበትን ቀን ያየ ሰው ስለሌለ። ማንም ሰው ከበሩ እስከ ወንበሬ ስድስት እርምጃ ከተራመደልኝ ይበቃኛል። የትኛው ጡንቻ እንደለገመ፣ የትኛው ጫማ እንደጠበበ፣ ጠዋት ከሚስቱ ጋር መጨቃጨቁን ሳይቀር እነግረዋለሁ። የወርክሾፔ መስኮት ከመንገዱ እኩል ስለሆነ የሚታየኝ የአላፊ አግዳሚው እግር ብቻ ነው። አንድ ቀን የአርባ ሰው ዕድሜ በእግራቸው ብቻ ተናግሬ አርባውም ልክ ሆነ። ማን ጠየቃቸው አትበሉኝ። ልክ ነበር።

እንግዲህ ይህንን ሰው ነው "ሂድና ሰው እንዴት እንደሚራመድ ተማር" ያሉት።

ሆስፒታሉ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የእንቅስቃሴ መለኪያ ክፍል ከፈተ። ዳይሬክተሩ አስጠራኝ።

"ጀሶ፣ ባዮሜካኒክስ ትማራለህ" አለኝ። "አጥንት፣ ጡንቻና መሬት እንዴት እንደሚገፋፉ የሚያጠና ትምህርት ነው። ለምርምሩም ለሕክምናውም ያስፈልገናል። ሦስት ወር ነው።"

"ሰው ሲራመድ ለማየት ሦስት ወር?"

"ለመለካት።"

"እኔ እኮ ዓይን አለኝ።"

"ዓይንህን ይዘህ ሂድ" አለኝ ወረቀቱን እየፈረመ። "ደብተርም ጨምርበት።"

ደሜ ፈላ። በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ደብተር! ደረጃውን ስወጣ እያንዳንዱን ድንጋይ እየረገጥኩት ሳይሆን እየሰበርኩት ነው የወጣሁት።

ክፍሉ ረጅምና ጠባብ ነው። መስኮቶቹ በጥቁር መጋረጃ ተሸፍነዋል። ጣሪያው ሥር ዙሪያውን ካሜራ ተደርድሯል፤ አርባ ይሆናል፣ ሁሉም በቀይ ዓይን ያፈጥጥብሃል። ወለሉ መሐል ሁለት ሚዛኖች ተቀብረዋል፤ ስትረግጣቸው መሬቱ መልሶ በምን ያህል ኃይል እንደገፋህ፣ ወዴት እንደገፋህ ይናገራሉ። ታማሚው ቁምጣ ይለብስና በዳሌው፣ በጉልበቱ፣ በቁርጭምጭሚቱ ጉብታዎች ላይ የወይን ፍሬ የሚያህሉ የሚያብረቀርቁ ኳሶች ይለጠፉበታል። ካሜራዎቹ ሰውየውን አያዩትም፤ ኳሶቹን ብቻ ነው የሚያዩት። ኮምፒውተሩ ከኳሶቹ ተነስቶ አጥንቶቹ የት እንዳሉ ይገምትና በእንጨት የተሠራ የመሰለ ሰው ስክሪኑ ላይ ያራምዳል።

አስተማሪዋ ዶክተር ነች፤ ከታላቋ ልጄ በሁለት ዓመት ብትበልጥ ነው። ቀጥ ያለች፣ ቀጭን፣ የማትሳሳት። "ማስመሪያ" ብዬ ሰየምኳት፤ በሳምንቱ ክፍሉ በሙሉ እንደዚያው ይላት ጀመር፣ በእርግጥ በሹክሹክታ። የተቀሩት ስምንት ተማሪዎች ወጣቶች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ጥርስ ያወጡት እኔ ሥራ ከጀመርኩ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ቀን አንድ ሰው አራመደችልንና ወደ እኔ ዞረች።

"ጋሼ፣ ምን አዩ?"

"ቆሞ በግራው ሲረግጥ ዳሌው ወደ ቀኝ ይወድቃል" አልኩ። መቼም በእንቅልፌ የማውቀው ነገር ነው።

"ትክክል። በስንት ዲግሪ?"

"በብዙ።"

ክፍሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ እሱ ነው የባሰ ያናደደኝ።

"ብዙ ስንት ነው?"

"ስሚ" አልኳት፤ እርስዎ ማለቱ ከአፌ ጠፋ። "እኔ ይሄንን ሥራ ስጀምር አንቺ ገና የወተት ጥርስ ላይ ነበርሽ።"

"እውነት ነው" አለች በእርጋታ። "ዓይንዎም ጥሩ ነው፤ ሰምቻለሁ። ግን ይህ ሰው ከሁለት ወር ሕክምና በኋላ ተመልሶ ሲመጣ 'ብዙ' ወደ 'ትንሽ ብዙ' ቢለወጥ ተሻለው ብለን እንጽፍለታለን?"

መልስ ነበረኝ። እንደ መድፍ ያለ መልስ ነበረኝ። ለወጣቶቹ ስል ዋጥኩት።

በሦስተኛው ሳምንት ከእሷ በላይ አወቅሁ። አንድ እርምጃ ተረከዝ መሬት ከነካበት እስከ እንደገና እስኪነካ መቶ ተብሎ ይከፈላል፤ በዚያ መቶ ላይ የእያንዳንዱ መጋጠሚያ መስመር ይሳላል። መስመር ማንበብ እንደ ፊት ማንበብ ነው፤ ገና ከአታሚው ሲወጣ አይቼ "ይሄኛው በልጅነቱ ከዛፍ ወድቋል" እል ነበር። ከሁሉም በላይ ግን አንድ ሕግ ነበረ፤ ማስመሪያ በቀን ሦስት ጊዜ የምትደግመው። እኔ ነኝ ያወጣሁት ማለት ይቻላል።

ሕጉ ይህ ነው፤ የጉልበቱን ኳስ ከመለጠፍህ በፊት ሰውየውን አቁመው።

ለምን አትሉኝም? ቆዳ በአጥንት ላይ በሚስማር አልተመታም። አሁኑኑ ሞክሩት። ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ ከጉልበታችሁ ውጪ በኩል ያለችውን የአጥንት ጉብታ በጣት ፈልጉና በላይዋ በእስክሪብቶ ነጥብ አድርጉ። አሁን ተነሱ። ጉብታዋን እንደገና ዳስሱ። ነጥቧ የለችም! ቆዳው ይዟት ሄዷል። በተቀመጠ ሰው ላይ የለጠፍከው ኳስ ሰውየው ሲቆም አንድ ጣት ያህል ይሸሻል። አንድ ጣት ምን አላት? ወደ ፊት ከሸሸች ኮምፒውተሩ "የዚህ ሰው ጭን ወደ ውስጥ ተጠምዝዟል" ብሎ ያምናል። አምኖም ያሳምናል። ኮምፒውተር ደግሞ ዓይኑን ሳያርገበግብ ነው የሚዋሸው።

ይህንን ያዙልኝና ወደ እህቴ እንሂድ።

አንድ እህት ነው ያለችኝ፤ ታናሼ ናት፣ ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው፣ አስተማሪ ናት። በልጅነቷ ታማ ቀኝ እግሯ ከዚያ ወዲህ ሰንፎ ቀረ፤ ስትራመድ እግሯ ወደ ውስጥ ይዞራል። ድጋፍ ልሥራልሽ ብያት አፌ ዝሏል። "ጋሼ፣ ጫማዬ ውስጥ ፋብሪካ አላስገባም" ነው መልሷ። ለዓመታት እንዲሁ ችላው ኖረች። አምና ግን መውደቅ ጀመረች። የምታስተምርበት ክፍል ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ ወደቀች፣ በሁለተኛው የግራ እጇ አንጓ ተሰበረ። ርዕሰ መምህሯ "አንድ ጊዜ ደግመሽ ብትወድቂ ከክፍል አውጥቼ ቢሮ አስገባሻለሁ" አላት። እህቴ ደግሞ ከጥቁር ሰሌዳ ከምትለይ ከእኔ ብትለይ ይቀላታል።

ቀዶ ሐኪሙ ጋ ሄደች። ይህን ሰውዬ "አናጢው" እለዋለሁ፤ መጋዝና ሚስማር ከሌለ እጁን ኪሱ የሚከት ዓይነት ነው። አልጋ ላይ አስተኝቶ እግሯን ወዲህ ወዲያ ጠምዘዝ አደረገና፣

"የጭን አጥንትሽ የተጠማዘዘ ይመስለኛል" አላት። "ቆርጬ፣ አዙሬ፣ በብረት አስረዋለሁ። ግን በመጀመሪያ ሦስተኛ ፎቅ ትለኪ። ቁጥሩ ከሃያ ዲግሪ ካለፈ እንቆርጣለን።"

ከቆረጡ ስድስት ወር በክራንች ነው። ከስድስት ወር በኋላም እግሯ እንደ ድሮው መሬት ይረግጥ አይረግጥ ማንም አይምልም። እንግዲህ የእህቴ የጭን አጥንት በአንዲት ቁጥር ላይ ተንጠለጠለ። ቁጥሩ በኳስ ላይ ተንጠለጠለ። ኳሱ ደግሞ በዚያ ሰው እጅ ላይ።

እሷ በተለካችበት ማክሰኞ እኔ አልነበርኩም። አስቸኳይ ሥራ ነበረብኝ፤ ሁለት ሚኒስትሮች እግር ይጠብቁኝ ነበር። ኳሱን የለጠፈው ከተማሪዎቹ አንዱ ነው፤ ስሙን አልጠራም፣ ስሙን መጥራት ክብር መስጠት ነው። ማስመሪያ "አቁሟት" ብላው ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። እሱ ምን አደረገ? ወንበር አመጣላት! ያንን አረንጓዴውን፣ አንድ እግሩ የሚነቃነቀውን ወንበር ከጥግ ጎትቶ "ተቀመጪ፣ ደክሞሻል" አላት። ማን ጠየቀው? ሐኪም ነው? አዛኝ ነው? ሕጉን ሦስት መቶ ጊዜ ሰምቷል! ደብተሩ ላይ በቀይ አስምሮበታል! ግን የእሱ ጣት ከሕግ በላይ ናት፤ የእሱ ጣት ጉብታዋን በጭለማም ታገኛታለች፤ ስለዚህ ተንበርክኮ፣ እየቀለደ፣ እሷን ለማሳቅ እየሞከረ፣ በተቀመጠችበት ጉልበቷ ላይ ለጠፈ። ከዚያ "ተነሺ" አላት። ተነሳች። ኳሷም አንድ ጣት ወደ ፊት ሸሸች። አየሁ አላለም። ምን ያያል፣ ዓይኑ በራሱ ፍቅር ተጋርዷል!

አናጢው ቢያናድደኝ ሥራው ነው። ማስመሪያ ብታናድደኝ ወጣት ናት። ያንን ሰው ግን ዛሬ መንገድ ላይ ባገኘው አንገቱን አንቄ "የማን አጥንት ነው በእጅህ የቀለድክበት?" እለዋለሁ። ቆሽቴን ነው ያሳረረው። እንዲህ ያለ ሰው የሰው እግር ሊነካ አይገባውም፤ የጠረጴዛ እግርም ይበዛበታል።

ውጤቱ ረቡዕ ወጣ። ሠላሳ አንድ ዲግሪ። አናጢው ቀን ቆረጠ፤ የሚቀጥለው ሰኞ። እህቴ ክፍሏን ለሌላ አስተማሪ አስረከበች፣ የምሥክር ወረቀታቸውን ሳትሞላላቸው ስለቀረች ተማሪዎቿን ይቅርታ ጠየቀቻቸው፣ ትንሿን ሰማያዊ ቦርሳ አዘጋጀች።

"አትፈሪም?" አልኳት።

"ቁጥሩ ነው እኮ ያለው" አለች። "አንተም እዚያ ነው የምትማረው። ከናንተ ክፍል የወጣ ቁጥር ካላመንኩ ምን ላምን ነው?"

ይህንን ስትለኝ ምድር ጠበበችኝ።

ሐሙስ ጠዋት። ትምህርት ነው። ማስመሪያ የታማሚ መስመሮች ግድግዳው ላይ አሳየችን፤ ስም የለባቸውም፣ የእህቴ እንደሆኑ ግን ከበሩ ላይ ሆኜ ነው ያወቅሁት። በመስመሮቹ መሐል አንዲት ማንም ልብ የማይላት አለች፤ ጉልበት ወደ ጎን ምን ያህል እንደሚወዛወዝ የምታሳይ። ይህች መስመር ሰነፍ ናት፤ ሁልጊዜ ተኝታ ነው የምትገኘው፣ መተኛትም አለባት። ምክንያቱም ጉልበት የበር ማጠፊያ ማለት ነው፤ ወደ ኋላ ይታጠፋል እንጂ ወደ ጎን አይሄድም። የዚያን ቀን ግን መስመሯ ተነስታ ቆማለች! ጉልበቱ በታጠፈ ቁጥር አብራ እየተነሳች ሃያ አምስት ዲግሪ ያህል ጉብታ ሠርታለች።

ሁሉም ደብተራቸው ላይ አጎንብሰዋል። ማስመሪያም ወረቀቷ ላይ። እኔ ተነሳሁ። ወንበሬ ወደቀ፤ ከኋላዬ ያለውም ወደቀ።

"ቁሙ!" አልኩ። ድምፄ ጥቁር መጋረጃዎቹን አወዛወዘ፤ አራተኛ ፎቅ ያሉ ታማሚዎች የመሬት መንቀጥቀጥ መስሏቸው ከአልጋ ወርደዋል ብለውኛል። "ይህ ጉልበት ከሆነ ባለቤቱ በቃሬዛ እንጂ በእግሯ አልመጣችም! በቁሙ ያለ ሰው ጉልበት እንዲህ ወደ ጎን አይሄድም! ኳሷ ናት! ኳሷ ከቦታዋ የለችም!"

የማስመሪያ ወረቀት ከእጇ ወደቀ።

"ጋሼ" አለች፣ "እኔ... አላየሁትም።"

"ዓይን የሚባል ነገር አለ" አልኳት። "በዲግሪ ባይለካም።"

ከዚያ ማንም አላስቆመኝም። አናጢው ቢሮ በሩን በእግሬ ከፈትኩት። ሰውየው ሁለት ሜትር ነው፤ የዚያን ዕለት ግን አጠረብኝ።

"ሰኞ የምትቆርጠው የእህቴን አጥንት ነው ወይስ የተሳሳተ ወረቀት?"

"ረጋ ይበሉ ጀሶ፣ ቁጥሩ..."

"ቁጥሩን እንካ!" ብዬ ውጤቱን ስምንት ቦታ ቀድጄ ጠረጴዛው ላይ በተንኩለት። ሰውየው ፊቱ እንደ ግድግዳው ሆነ። ይቅርታ ጠየቀ። ሁለት ጊዜ። በሁለተኛው ድምፁ ተሰብሮ ነበር።

አርብ ዕለት ራሴ ለካኋት። አቆምኳት፣ ጉብታዋን ዳሰስኩ፣ በቆመችበት ለጠፍኩ። ጭኗ የተጠማዘዘው አሥራ አንድ ዲግሪ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ያቺ ሰነፍ መስመርም ተመልሳ ተኛች። ጥፋቱ የአጥንት አልነበረም። እግሯን ከመሬት ስታነሳ የእግሯ ፊት አብሮ አይነሳም፤ ጣቶቿ እየተንጠለጠሉ የደረጃውን ጠርዝ ይመቱታል። ለዚህ መጋዝ አያስፈልግም። ከቁርጭምጭሚቷ ኋላ የሚይዝ ስስ ድጋፍ ነው የሚያስፈልገው። የእኔ ሥራ! በአንድ ቀን ተኩል ሠራሁላት፤ ወረቀት የመሰለ፣ ጫማ ውስጥ የማይታወቅ። ይኸው አራት ወር፣ ሁለተኛ ፎቅ ትወጣለች ትወርዳለች፤ አንድ ቀን አልወደቀችም። ማስመሪያ አሁን ስታየኝ ከመቀመጫዋ ትነሳለች። አናጢው ኮሪደር ይቀይራል። ያ ሰው ግን፣ ያ ወንበር አምጪ፣ የት እንዳለ እንጃ። ምነው ባፈረ!

እስከዚህ ጽፌ ለእህቴ ሰጠኋት። አስተማሪ አይደለች፣ ፊደል ታርምልኝ ብዬ ነው። ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብላ በቀይ እስክሪብቶ፣ የተማሪ ደብተር እንደምታርም፣ ሳትቸኩል እስከ መጨረሻው አነበበችው። አንድ ጊዜም አልሳቀችም።

"ፊደሉ ደህና ነው" አለች። "ሦስት ቦታ ነው ያረምኩልህ።"

"ታሪኩስ?"

የእስክሪብቶውን ክዳን ገጠመች።

"ጋሼ፣ ወንበሩን ያመጣህልኝ አንተ ነህ።"

ወረቀቶቹን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ። አልሰጠችኝም።

"ዶክተሯ አቁማት አለችህ። አንተ ደክሟታል አልክ። አልደከመኝም ነበር፤ ነግሬህ ነበር። በዚያችው በማልክባት እጅ ነው የለጠፍክብኝ።" ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አድርጋ ዳር ዳራቸውን አስተካከለች። "ሐሙስም አልጮህክም። መስመሯን ያየችው እሷ ናት። ይህችን ኳስ ማን ለጠፈ ብላ ስትጠይቅ ዝም አልክ፤ ተማሪዎቹ ናቸው የነገሩኝ። እኔ ለደም ምርመራ ቦርሳዬን ይዤ ስመጣ ኮሪደሩ ላይ ፊትህን ወደ ግድግዳው አዙረህ ቆመህ አገኘሁህ። ጠራሁህ፣ አልዞርክም።"

"እኔ..."

"ቀዶ ሐኪሙ ጋ የሄደችውም እሷ ናት። በሩ ክፍት ስለነበር ሰምቻለሁ። 'ስህተቱ የእኔ ነው፣ ደግሜ ልለካት' ነው ያለችው። አንተን አላነሳችህም። ወረቀት የቀደደ ሰው የለም። አርብ የለካችኝም እሷ ናት፤ አንተ ቆመህ ነበር፣ ደብተርህን ይዘህ።"

ቀኝ እግሯን ከጠረጴዛው ሥር አውጥታ የጫማዋን ማሰሪያ አጠበቀች።

"ድጋፉ ግን ያንተ ነው" አለች። "በአንድ ቀን ተኩል አይደለም። ዘጠኝ ቀን ፈጀብህ። ሦስት ጊዜ አፍርሰህ ነው የሠራኸው።"